መንገዱ ይገደብ፣ ሥልጣኑ ግን አይሰበር፦ በአገልግሎት መስጫ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለሚጣል የኔትወርክ ገደብ

ወቅታዊ ትንታኔ

በአገራችን የመንግሥት አገልግሎት ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ከጸደቀ ወዲህ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተዘርግቷል። በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ወደ ክልል ከተሞች እየሰፋ ይገኛል። ከዚሁ ሽግግር ጋር ግን በወረቀቱ ዘመን ያልነበረ አንድ መልስ በየመስኮቱ መሰማት ጀምሯል፤ እርሱም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው።

ይህ አጭር መልስ የተለያዩ ምክንያቶችን በአንድ ስም ይሸፍናል። አንዳንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ የቴሌኮም መስመሩ ይቋረጣል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱ የተለየ ነው፤ መብራቱም መስመሩም እያለ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የተጣለ የደኅንነት ገደብ ሠራተኛው ሊፈጽመው የሚገባውን ሥራ አብሮ ሲያግድ የሚፈጠር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ሦስተኛውን ምክንያት ነው። ገደቡ የሰው ውሳኔ እንደመሆኑ፣ በሰው ውሳኔ ሊስተካከል የሚችልም ነው።

ጉዳዩ ለባቱ ነዋሪ ምን ትርጉም አለው?

ባቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዝዋይ ወይም ደምበል ሐይቅ ዳር የምትገኝ የምሥራቅ ሸዋ ከተማ ናት። በአበባ እርሻ የተቀጠሩ ወጣቶች፣ ከሐይቁ ዓሣ የሚያሰግሩ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮች ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለመታወቂያ፣ ለንግድ ፈቃድና ለባንክ ጉዳይ ወደ ከተማዋ ይመጣሉ።

ለምሳሌ ያህል በአበባ እርሻ የምትሠራ አንዲት ወጣት የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ ለምዝገባ መጣች እንበል። የጣት አሻራ ማንበቢያው መሣሪያ ሥራ አቆመ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ዘግቶ እንደገና ለማስነሣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ይበቃል፤ ነገር ግን ይህን ለማድረግ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል። በመስኮቱ የተቀመጠው ባለሙያ ያ ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ያለው ባለሙያ የሚገኘው በዞኑ መቀመጫ በአዳማ ነው፤ ከአዳማ ሆኖ እንዳይረዳ ደግሞ የርቀት መግቢያው ተዘግቷል። ወጣቷ ወይ በሌላ ቀን ትመለሳለች፣ ወይም በሞጆ አድርጋ አዳማ ድረስ ትሄዳለች። የሁለት ደቂቃው ሥራ የቀን ደመወዝና የመጓጓዣ ወጪ ሆነባት።

ሌላም በአካባቢው የተለመደ ጉዳይ አለ። በአፋን ኦሮሞ የቁቤ አጻጻፍና በእንግሊዝኛ የፊደል አጣጣል መካከል ባለው ልዩነት የተነሣ፣ «ጫልቱ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሰነድ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊሰፍር ይችላል። እንዲህ ያለውን የስም ማስተካከያ መዝጋቢው ብቻውን ሊያጸድቅ አይገባም፤ የበላይ ኃላፊ ማረጋገጫ ቢጠየቅበት ለባለ ጉዳይዋ ራሷ ዋስትና ነው። ይሁን እንጂ ኃላፊው የሚያጸድቅበት መንገድ በደኅንነት ስም ከተዘጋ፣ ዋስትናው ወደ መሰናክልነት ይለወጣል።

ገደቡ ለምን አስፈለገ?

ከዚህ በመነሣት «ታዲያ ገደቡ ለምን አይነሣም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ከሚቀመጠው መረጃ ክብደት የሚመነጭ ነው። ለፋይዳ ምዝገባ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ሊቀየር ይችላል፤ የተሰረቀ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም።

ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ ፕሮግራም ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል። ስለሆነም የደኅንነት ሙያ መሠረታዊ ደንብ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ኔትወርክ እንዲያገኝ ነው። ሰነድ የሚቃኝ ፕሮግራም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሚያትም ፕሮግራም ከፕሪንተሩ ጋር መገናኘቱ በቂ ነው። የመዝገብ ፕሮግራም ከማዕከላዊ ሰርቨሩ ውጭ ሌላ አድራሻ የሚጠራበት ምክንያት የለውም። የፋይዳ ሥርዓት የተመሠረተበት ሞሲፕ የተሰኘው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም መዝጋቢው ፕሮግራም ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ እንዲሠራ፣ የተሰበሰበውን መረጃ አመስጥሮ እንዲያስቀምጥና መስመር ሲገኝ እንዲልክ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ገደብ አለመኖሩ የሚያስከትለውን ጉዳት ዓለም በ2009 ዓ.ም በሁለት አጋጣሚዎች አይቷል። በግንቦት ወር «ዋናክራይ» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በኔትወርክ ተዛምቶ የእንግሊዝን የሕዝብ ጤና አገልግሎት አወከ። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳረጋገጠው፣ ከ236 የጤና ተቋማት ቢያንስ 81ዱ ሥራቸው ተስተጓጉሏል፤ ከ19 ሺህ በላይ የሕክምና ቀጠሮዎች እንደተሰረዙም ተገምቷል። ከስድስት ሳምንታት በኋላ፣ ሰኔ 20 ቀን፣ «ኖትፔትያ» የተባለው ደግሞ ከዩክሬን ተነሣ። መግቢያው ለግብርና ለሒሳብ ሪፖርት በስፋት የሚያገለግል አንድ ፕሮግራም በኔትወርክ የሚያወርደው ማሻሻያ ነበር። ጎጂው ፕሮግራም ከገባ በኋላ በኮምፒዩተሮቹ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የቀሩ የአስተዳዳሪዎችን የይለፍ ቃላት እየለቀመ ወደ ሌሎች ተሸጋገረ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አደጋው የደረሰው ክፍት ኔትወርክና ልቅ ሥልጣን በአንድ ቦታ ስለተገናኙ ነው።

አገራችንም ከዚህ ስጋት ነጻ አይደለችም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በሰኔ 2012 ዓ.ም መቀመጫቸውን ግብፅ ባደረጉ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የተቃጣ ጥቃት ማክሸፉን ለሕዝብ አሳውቆ ነበር። በሕግ ረገድም የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። በመሆኑም ገደቡ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሥልጣንን ለጊዜው ከፍ ማድረግ

በኮምፒዩተር አሠራር ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በተራ ተጠቃሚነት ነው። አስፈላጊ ሲሆን ብቻ፣ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ፣ ሥልጣኑ ከፍ ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህም በቢሮ ከምናውቀው የማኅተም አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ደብዳቤውን ባለሙያ ያዘጋጃል፣ ኃላፊው አይቶ ይፈርማል፣ ማኅተሙ ያርፍበታል፣ ከዚያም ማኅተሙ ወደ ካዝናው ይመለሳል። ማኅተሙን በጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ጥፋት ነው፤ ማኅተሙን አጥፍቶ ቢሮ መክፈትም ሥራ ማቆም ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የባለቤቱን ሥልጣን እንዲይዝ የሚያደርገውን ዘዴ የፈጠረው ዴኒስ ሪቺ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1979 ተመዝግቧል። በዚህ ዘዴ ላይ የተመሠረተው «ሱዶ» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተጻፈ፤ ዛሬም በሊኑክስ ኮምፒዩተሮችና ሰርቨሮች ላይ በስፋት ያገለግላል። በዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ማያ ገጹን አደብዝዞ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ተመሳሳይ ተግባር አለው።

ገደቡ ሥልጣኑን የሚሰብረው እንዴት ነው?

የችግሩ እምብርት ይህ ነው። ፕሮግራምን ከኔትወርክ ለመለየት ከሚያስችሉት መንገዶች አንዳንዶቹ፣ በአሠራራቸው ምክንያት፣ ሥልጣን ከፍ የሚልበትን በር አብረው ይዘጋሉ።

በሊኑክስ ይህ በግልጽ ይታያል። ተራ ተጠቃሚ ራሱ በሚያስነሣው ፕሮግራም ላይ ማጣሪያ እንዲጥል ሲፈቀድለት፣ ሥርዓቱ በምላሹ አንድ ቃል ያስገባዋል፤ ይህ ፕሮግራምና ከእርሱ የሚወለዱት ሁሉ ከእንግዲህ አዲስ ሥልጣን አያገኙም የሚል ነው። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ ከርነል 3.5 የገባ ሲሆን፣ አንዴ ከተደረገ አይነሣም። ምክንያቱም ሚዛናዊ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ባለ ከፍተኛ ሥልጣንን ፕሮግራም በማጣሪያ አስሮ እንዲሳሳት ማድረግ የለበትምና። ውጤቱ ግን «ሱዶ» በዚያ አጥር ውስጥ አለመሥራቱ ነው። ተጠቃሚው ለራሱ ኔትወርክ የሌለው ክፍል ፈጥሮ ፕሮግራሙን በዚያ ውስጥ ሲያስነሣም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚታየው የአስተዳዳሪነት ስም ከክፍሉ ውጭ ዋጋ የለውም።

በዊንዶውስ ላይ በተመሠረቱ ቢሮዎች ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል። የአስተዳዳሪው ማንነት የሚረጋገጠው በማዕከል ባለ ሰርቨር ከሆነና ኮምፒዩተሩ ከኔትወርክ ከተለየ፣ ከዚህ በፊት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ገብቶ የማያውቅ አስተዳዳሪ በአካል ቢመጣ እንኳ ሥልጣኑን ሊጠቀምበት አይችልም። መንገዱን የዘጋው ውሳኔ ሳያስበው ቁልፉንም ቆልፎበታል።

ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰው ሌላ በር ይፈልጋል። የተሰለፈ ሕዝብ ፊት ለፊት የቆመበት ሠራተኛ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በስልክ ይቀበላል፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በማያ ገጹ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ በአስተዳዳሪ ስም ክፍት ሆኖ ይውላል። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የአንድ ሰው ስም ብቻ ስለሚሆን፣ ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በላይ የኮምፒዩተር ሥርዓትን መድረስንም ያስጠይቃል። ስለዚህ በቅንነት አገልግሎት ለመስጠት የፈለገ ሠራተኛ ራሱን ለተጠያቂነት ሊያጋልጥ ይችላል። ያልታሰበበት ገደብ ደኅንነትን ይጨምራል ተብሎ የተጣለ ቢሆንም፣ በተግባር የሚያመርተው የጋራ ቁልፍ ነው።

ሁለቱን አስታርቆ መያዝ

ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ጋሪና ባጃጅ ወደዚያ አይገቡም። ይህ ማለት ግን ጋሪው በባቱ ከተማ ውስጥ ጭነት እንዳያመላልስ ተከልክሏል ማለት አይደለም። የተገደበው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሥራው አይደለም። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ማድረግ የሚያስችሉ የታወቁ ዘዴዎች አሉ።

የመጀመሪያው ገደቡ በተጠቃሚው ሳይሆን በአስተዳዳሪው እንዲጣል ማድረግ ነው። በሊኑክስ አስተዳዳሪው ኔትወርክ የሌለውን ክፍል አስቀድሞ አዘጋጅቶ ፕሮግራሙን በተራ ተጠቃሚ ስም በዚያ ውስጥ ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲሁም በፋየርዎሉ ላይ የአንድን ቡድን ፕሮግራሞች ግንኙነት ለይቶ ሊያግድ ይችላል። በእነዚህ ዘዴዎች «ሱዶ» መሥራቱን ይቀጥላል። በዊንዶውስም ፋየርዎሉ በየፕሮግራሙ ስም ወደ ውጭ የሚደረግን ግንኙነት ያግዳል፤ የፈቃድ መጠየቂያው መስኮት በዚህ አይነካም።

ሁለተኛው ከፍ የሚለውን ሥልጣን ማጥበብ ነው። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ ምክንያቱም ሙሉ ሥልጣን ያገኘ ፕሮግራም የተጣለበትን የኔትወርክ ገደብ ራሱ ሊያነሣው ይችላልና። ለመስኮት ሠራተኛ «ሁሉን አድርግ» የሚል ሥልጣን መስጠት አያስፈልግም። የአሻራ ማንበቢያውን ዳግም እንዲያስነሣ፣ የፕሪንተሩን ወረፋ እንዲያጸዳ፣ ከዚያ አልፎ ግን ምንም እንዳያደርግ በስም ተለይቶ ሊፈቀድለት ይችላል። እያንዳንዱ አጠቃቀምም በሠራተኛው በራሱ ስም ይመዘገባል።

ሦስተኛው ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ የሚያገለግል የአካባቢ ቁልፍ ማኖር ነው። ቁልፉ ለሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት ከሆነ የኖትፔትያ ታሪክ ሊደገም ይችላል። ስለዚህ ለየኮምፒዩተሩ የተለያየና በየጊዜው በራሱ የሚቀየር የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መጠቀም ይመከራል፤ ይህን የሚያከናውን አሠራር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥ አካትቶታል።

እዚህ ላይ ተቃራኒ የሙያ አስተያየት መኖሩን መጥቀስ ተገቢ ነው። ሥልጣን ከፍ የሚልበት በር በራሱ የአደጋ ምንጭ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በ«ሱዶ» ውስጥ ለአሥር ዓመት ያህል ሳይታወቅ የቆየ ክፍተት ይፋ ሆኗል፤ ማንኛውም የኮምፒዩተሩ ተራ ተጠቃሚ በዚያ ክፍተት ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይችል ነበር። ይህ ግን በሩን ጨርሶ ለመድፈን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ በሩን ለማጥበብ፣ ወቅታዊ ማሻሻያ ለመጫንና ኔትወርክ በማያስፈልግበት ቦታ ላለመክፈት ምክንያት ነው። ምንም ሥልጣን ሊጠይቁ የማይገባቸው ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ኢንተርኔት መመልከቻዎች፣ በሙሉ እገዳ ውስጥ ቢሠሩ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። እገዳውን ከሥራው ጋር ማመዛዘን የአመራሩ ኃላፊነት ነው።

የሁለቱ ጉዳዮች ትስስር በአፍሪካ የታየበትን አንድ እውነተኛ ክስተት ማንሣት ይቻላል። ኖትፔትያ የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ባጠቃ ጊዜ፣ ማን ምን ሥልጣን እንዳለው የሚመዘግቡት የድርጅቱ ማዕከላዊ ሰርቨሮች ተደመሰሱ። በጋዜጠኛ አንዲ ግሪንበርግ ዘገባ መሠረት፣ ከጥቃቱ የተረፈው አንድ ብቻ ሲሆን የነበረውም በጋና ነው፤ በዚያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከኔትወርክ ውጭ ስለነበር ጥቃቱ አልደረሰበትም። ድርጅቱ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን እንደገና መትከል ግድ ሆኖበት፣ የሥልጣን መዝገቡን መልሶ ያቋቋመው ከጋናው ቅጂ ነው። በአጋጣሚ የተገኘው ይህ ውጤት፣ መንገዱ ተዘግቶ የሥልጣን መዝገቡ ሳይነካ መትረፉ፣ በዕቅድ ሊገኝ የሚገባው ነው።

ተገልጋዩ ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ክቡራን ተገልጋዮች የኮምፒዩተር ሙያ ባይኖራችሁም መብታችሁን ለማስከበር የሚከተሉትን ልብ ማለት ይጠቅማል።

«ሲስተም የለም» ሲባሉ ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቁ። መብራት ነው? መስመር ነው? ወይስ የኃላፊ ፈቃድ የሚጠብቅ ጉዳይ ነው? ሦስተኛው ከሆነ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው የሥራ ክፍል የት እንደሚገኝና መቼ እንደሚመለሱ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። ተቋሙ በዜጎች ቻርተር ያስቀመጠው የአገልግሎት ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

ሠራተኛው የእርስዎን ሰነድ በግል ስልኩ ፎቶ አንሥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ልላክልዎ ቢል፣ ወይም በግል ፍላሽ ልውሰደው ቢል፣ ጉዳይዎ የሚፈጥን ቢመስልም አይቀበሉ። ገደቡ የተጣለው መረጃዎ በእንዲህ ያለ መንገድ እንዳይወጣ ነው። በስልክዎ የሚደርስዎን የማረጋገጫ ቁጥርም ቢሆን ከሚጠቀሙበት አገልግሎት ውጭ ለማንም አይስጡ።

ኃላፊ እስኪያጸድቅ መጠበቅ ግን ሁልጊዜ መጉላላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ስምዎን፣ የትውልድ ዘመንዎን ወይም የይዞታ መረጃዎን አንድ ሰው ብቻውን መለወጥ አለመቻሉ ጥበቃ ነው። ተገቢ ያልሆነው፣ የሚያጸድቅ ሰው በሌለበት ወይም ማጽደቂያው በተዘጋበት ሁኔታ ያለ ቀጠሮ መመለስ ነው።

ስለ እርስዎ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተረጋግጧል፤ የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ያለ ቅሬታ በቅድሚያ ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይቀርባል፤ መፍትሔ ካላገኘ የፌዴራል ተቋማትን በሚመለከት ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል።

ማጠቃለያ

የመረጃ ደኅንነትና የተቀላጠፈ አገልግሎት እንደ ተቀናቃኝ ሲታዩ ይስተዋላል። ከላይ እንደተመለከተው ግን ተቀናቃኝነቱ የሚመጣው ገደቡ የሚጣልበት መንገድ ካልታሰበበት ነው። ማንኛውም የአገልግሎት መስጫ ተቋም አንድን ፕሮግራም ከኔትወርክ ከመለየቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይህ ገደብ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት መሣሪያው ቢቆም ወይም የኃላፊ ውሳኔ ቢያስፈልግ፣ ማን፣ በምን ቁልፍ፣ በየትኛው መዝገብ ላይ በስሙ ተመዝግቦ ሥራውን ያስቀጥላል? መልሱ በጽሑፍ ካለ ገደቡ ይጣል። መልሱ ከሌለ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከአበባ እርሻው የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ የመጣው ተገልጋይ ይሆናል።